ኦክሲ ያልበገረው የጥጃ ተቅማጥ

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ አራት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ጥጆቼን በተወለዱ በሳምንት በሁለት ሳምንት ያስቀምጣቸዋል። ድሮ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት) ሳስወጋቸው ይድኑ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለቱ ሞቱብኝ። አንዷ ጉልበቷ አብጦ መቆም አቅቷት ነበር። መጠኑን ላስጨምር ወይስ የሰው ቴትራሳይክሊን ልደርብበት?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የጥጃዋ ጉልበት ማበጡ አሳስቦኛል። ተህዋሲው ከአንጀት ወይም ከእትብት ተነስቶ ደም ውስጥ ሲገባ እንዲህ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜም ኢኮላይ ወይም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ኦክሲ በየጊዜው ሲወጋ የሚሸነፉት ባክቴሪያዎች ያልቁና መድኃኒቱን የለመዱት ይቀራሉ። እነሱም መቋቋሚያውን አንጀት ውስጥ ላሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ያስተላልፋሉ። በዚያ ላይ የጥጃ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ስለሚመጣ ኦክሲ ምንም አይሠራለትም። ድሮ ከዳኑት ውስጥ ያለ መርፌም የሚድኑ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ በረት ውስጥ አይቀርም። ይኸው ሳልሞኔላ በእጅና ባልፈላ ወተት ወደ ቤት ይገባል፤ ሕፃን ልጅ ደም ውስጥ ከገባ ማጅራት ገትር እስከማምጣት ይደርሳል። ያኔ ሐኪም ቤት የሚታዘዘው እንደ ሴፍትሪአክሶን ያለ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ተህዋሲው እሱንም እንዳይለምድ፣ ከሰው ፋርማሲ ገዝታችሁ ለጥጃ እንዳትሰጡ አደራ እላለሁ።

የሚያስቀምጠው ጥጃ ቶሎ የሚሞተው ውሃ አልቆበት ነው። አንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ የግሉኮስ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው፣ ወተቱን ሳይከለክሉ በቀን ደጋግመው ያጠጡት። ከደከመ፣ ጆሮው ከቀዘቀዘ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ግን የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ይጥሩ። መርፌ ከመወጋቱ በፊት ናሙና እንዲወስድም ይጠይቁት፤ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ አለው። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ በእርግጥ የሚታወቀው በምርመራ ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎ እንገሩን ነው። ጥጃ ከእናቱ ማህፀን የበሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ያንን የሚቀበለው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። የእንግዴ ልጁ ካልወረደ ላሟ አትታለብም የሚሉ አሉ፤ እየጠበቁ ጥጃውን ያስርቡታል። እርስዎ ግን ወዲያው አልበው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት 3 ሊትር ያህል ያጠጡት። እትብቱን በተወለደ ሰዓት አዮዲን ውስጥ ይንከሩት፤ በማግስቱም በጣትዎ ይዳስሱት። ጤነኛ እትብት እየደረቀ ይቀጥናል። የተመረዘው ወፍሮ ይሞቃል፤ ሲነኩትም ጥጃው ይሸሻል።

የምትወልድ ላም ካለችዎ አዮዲኑን ከአሁኑ ገዝተው ያስቀምጡ፤ የምትወልድበትንም ቦታ አዛባውን ጠርገው ደረቅ ጭድ ያንጥፉበት።