በእግር ጉዞ ላይ የሚነጡ ጣቶች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ገጠር ውስጥ ነው። በእረፍት ቀኔ ጭር ባለው መንገድ፣ በድንጋይ ካቦቹ መሃል በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል። በዊንተር ግን አየሩ አይታመንም። ፀሐይ ነው ብዬ ስወጣ በግማሽ ሰዓት ካፊያና ነፋስ ይመጣል። ያኔ ሁለት ሦስት ጣቶቼ ነጥተው ይደነዝዛሉ። ቤት ገብቼ ሲሞቁ ደግሞ እንደ በርበሬ ይለበልቡኛል። ካለፈው ዓመት ነው የጀመረኝ። ደም ማነስ ይሆን? ጉዞውን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ ጉዞውን አይተዉት።

የነገሩኝ ነገር የሬይኖ ሕመም የሚባለውን በጣም ይመስላል። ስሙ የመጣው በ1862 ስለ ሕመሙ ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከሞሪስ ሬይኖ ነው። ብርድ ሲነካን የሁላችንም የጣት ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ሰውነት ሙቀቱን ለውስጥ አካላት ይቆጥባል። ቆፈን የምንለው ይኸው ነው። በእርስዎ ላይ ግን ደም ስሮቹ ከልክ በላይ ይኮማተራሉ። ጣቱ ይነጣል፣ አንዳንዴ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ደሙ ሲመለስ ይለበልባል። ደም ማነስ ብቻውን እንዲህ ሁለት ሦስት ጣት ለይቶ አያነጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጓንት ላይ ብቻ ሲያተኩር ነው። ደረት ሲበርደው ዋጋውን የሚከፍለው ጣት ነው። ስለዚህ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ከስሩ ሹራብ፣ ኮፍያም ይልበሱ። ጓንቱን እቤት ውስጥ፣ እጅዎ ገና ሞቆ ሳለ ያጥልቁ። አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ዓይነት ይሻላል። ትርፍ ጓንትም ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ካፊያ ያራሰው ጓንት ከብርዱ አያድንም።

መንገድ ላይ ከጀመረዎ እጅዎን ብብትዎ ውስጥ ይክተቱ፣ ወይም ክንድዎን ያሽከርክሩ። ቤት ሲደርሱ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ፍል ውሃ ወይም ሂተር ላይ አያድርጉት፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይታወቀውም። ሲጋራ ያባብሰዋል። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችና ለማይግሬን የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ። የታዘዘልዎት መድኃኒት ካለ ግን ሳያማክሩ አያቁሙ።

በእርስዎ ዕድሜ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም። ቢሆንም ጂፒዎ (የአካባቢዎ ጠቅላላ ሐኪም) ጋ አንድ ጊዜ ይሂዱ። መገጣጠሚያ የሚያምዎት፣ ቆዳዎ የሚጠነክር፣ ምግብ ለመዋጥ የሚያስቸግርዎት ወይም ጣትዎ ጫፍ ላይ ቁስል የሚወጣ ከሆነ አይዘግዩ። እንደ ሉፐስና ስክሌሮደርማ ያሉ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃባቸው ሕመሞች በዚህ መልክ ሊጀምሩ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከባድ ከሆነም ኒፈዲፒን የሚባል ደም ስር የሚያላላ መድኃኒት አለ። ሞቆም ቀለሙ የማይመለስና የሚያም ጣት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሊኒክ ሲደርሱ ጣትዎ ደህና ሆኖ ነው የሚገኘው። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ንጣቱ ከእጅ ጀርባ በኩል ቶሎ አይለይም። ስለዚህ ሲጀምርዎ መዳፍዎን ገልብጠው የጣቶችዎን ጫፍ፣ ጥፍርዎንም ጭምር፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ለሐኪሙ ያሳዩት።