ሞሊዬር መድረክ ላይ ነው የሞተው?

ጥያቄ፦ የፈረንሳዩ ጸሐፌ ተውኔትና ተዋናይ ሞሊዬር እየተወነ መድረክ ላይ ሞተ ይባላል። እውነት ነው? ያን ያህል ታሞ ለምን ተጫወተ?

መልስ፦ የሞተው ቤቱ ነው፤ ግን ለጥቂት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1673 ፓሪስ ውስጥ አዲሱ ኮሜዲው ለ4ኛ ጊዜ ሲታይ፣ ደህና ሆኖ ሳለ ታምሜያለሁ እያለ ሐኪሞችን የሚያሳድደውን ገጸ ባሕርይ አርጋንን ይጫወት ነበር። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፤ በሳቅ ሸፈነውና ተውኔቱን ጨረሰ። ቤቱ ሲደርስ ሳሉ ደም አስተፋው፤ ያን ምሽት አረፈ። መድረክ ላይ የተቀመጠበት ወንበር ዛሬም በፓሪሱ ቲያትር ቤት በኮሜዲ ፍራንሴዝ ተጠብቆ ይገኛል።

ታሞ ለምን ተጫወተ ለሚለው፣ የቡድኑ መሪም ዋና ተዋናይም እሱ ነበር። እሱ ከቀረ መጋረጃ አይገለጥም፤ የዕለት ገቢም የለም። የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ እንደሚለው፣ በቀን ገቢ የሚያድሩትን ሠራተኞች አስቦ ነው የወጣው። ሳሉንም ቢሆን አስቀድሞ ለጥበቡ አውሎታል፦ በ1668ቱ ኮሜዲው ስስታሙ ሐርፓጎን እንዲያስል አድርጎ ጽፎ ራሱ ተጫወተው። በጣም የሚያሳዝነው ቀብሩ ነው። ተዋናይ ሙያውን ካልካደ ቤተ ክርስቲያን አትቀብረውም ነበርና፣ ሚስቱ አርማንድ ንጉሥ ሉዊ 14ኛን ተማጽና በሌሊት ተቀበረ።