የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድሮ ያማረው ገጽ ዛሬ ለምን ተዛባ?

ጥያቄ፦ ለድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተሠራ ድረ ገጽ አለን። አሁን ባሉት ብሮውዘሮች ግን ጎን ለጎን ከነበሩት ሳጥኖች አንዱ ከሌላው ሥር ወርዷል፤ በፍላሽ (በድሮው የተንቀሳቃሽ ምስል ቴክኖሎጂ) የተሠራው ማውጫም ጠፍቷል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ማውጫው አይድንም። አዶቤ የፍላሽ ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሟል፤ በተራ ሊንኮች እንደገና ሥሩት።

የሳጥኖቹ ችግር ግን ይፈታል። የገጹ ፋይል አናት ላይ የዶክታይፕ መስመር (የኤችቲኤምኤሉን ዓይነት ለብሮውዘሩ የሚናገረው መስመር) ከሌለ፣ የድሮው ብሮውዘር ፓዲንጉን (በይዘቱና በጠርዙ መካከል ያለውን ክፍተት) እና ቦርደሩን (የጠርዙን መስመር) ከስፋቱ ውስጥ ይቆጥር ነበር። የዛሬዎቹ በላዩ ይደምሩታል፦ ስፋቱ 300፣ በየጎኑ ፓዲንጉ 20፣ ቦርደሩ 1 ፒክስል ከሆነ ሳጥኑ 342 ይሆናል። ሁለቱ 684 ስለሚሆኑ 600 ፒክስል መያዣ ውስጥ አይገቡም። በሲኤስኤስ ፋይሉ (የገጹን መልክ በሚወስነው ፋይል) መጀመሪያ ላይ የሁሉንም ኤለመንቶች «ቦክስ ሳይዚንግ» (box-sizing) «ቦርደር ቦክስ» (border-box) አድርጉት፤ ያኔ ፓዲንጉና ቦርደሩ እንደ ድሮው ከስፋቱ ውስጥ ይቆጠራሉ። የእያንዳንዱን ሳጥን ስፋት እየቀነሱ መሄድ ማለቂያ የለውም፤ ባትጀምሩት ይሻላል።

ከዚያ የገጹን ፋይል ቅጂ አስቀምጡና የኤችቲኤምኤል 5 ዶክታይፕን (<!DOCTYPE html>) የገጹ ፋይል የመጀመሪያው መስመር ላይ ጨምሩ። ያኔ በሲኤስኤስ ውስጥ «ፒኤክስ» (px፣ የፒክስል ምልክት) ያልተጻፈበትን የስፋት፣ የቁመትና የማርጂን (የሳጥኑ የውጭ ክፍተት) ቁጥር ብሮውዘሩ ጨርሶ አይቀበለውም። «ፒኤክስ» የጎደለበትን እየፈለጋችሁ ሙሉ፤ ዜሮንና የመስመር ቁመትን ግን አትንኩ፣ ያለ አሃድም ትክክል ናቸው።