የዲትሮይቱ የቀድሞ ከንቲባ ክዋሜ ኪልፓትሪክ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለዚህ ሰው ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለማያውቀው ሰው፣ ማን ነው?

የሚቺጋኗ የዲትሮይት ልጅ ነው። እናቱ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበሩ። እሱ አስተማሪ ነበር፤ በ2002 በ31 ዓመቱ ከንቲባ ሆነ። ሕዝቡ ትልቅ ተስፋ ጥሎበት ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በስልክ መልእክት ነው የተያዘው ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ጣጣው የጀመረው ከዚያ ነው። በ2003 ምክትል የፖሊስ አዛዡ ጋሪ ብራውን የከንቲባውን ጠባቂዎች ጉዳይ ሲመረምር ከሥራ ተባረረ። ከሰሰ። ከንቲባውና የጽሕፈት ቤት ኃላፊው የነበረችው ሴት ፍርድ ቤት ቀርበው፣ «በመካከላችን ምንም የለም» ብለው ማሉ። ከተማው ተሸንፎ ለከሳሾቹ 8.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የሁለቱን ፍቅር የሚያጋልጡት የስልክ መልእክቶቻቸው እንዳይወጡ የሚል የሚስጥር ውልም ነበረበት። ልብ በሉ፣ የእሱ ገመና የተሸፈነው በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው! በ2008 ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። ሥልጣን ለቀቀ፤ 99 ቀንም ታሰረ።

ጥያቄ፦ ታዲያ 28 ዓመት የፈረዱበት ለዚህ ነው?

አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ያኛው ሌላ ክስ ነው። በ2013 በ24 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ዋናው ነገር የውሃና ፍሳሽ ሥራ ነበር። ጨረታ ያሸነፈ ተቋራጭ የከንቲባውን ወዳጅ፣ ተቋራጩን ቦቢ ፈርጉሰንን ካላስገባ ሥራው ይጓተትበታል። አንድ ድርጅት የ50 ሚሊዮን ዶላር የፍሳሽ መስመር ሥራ ይዞ ነበር። የ12 ሚሊዮን ዶላር የውል ጭማሪው የከንቲባው ፊርማ ግን ለወራት ታገተበት። አብሮት ይሠራ የነበረውን ንዑስ ተቋራጭ አስወጥቶ ፈርጉሰንን አስገባ፤ ያን ጊዜ ተፈረመለት።

ጥያቄ፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች እሱን ለመውቀስ ምን አፍ አለን?

ይህን ተረት አልወደውም። የተበላውን ሰው ይረሳል። ያ የተባረረው ንዑስ ተቋራጭ ደመወዝ የሚጠብቁ ሠራተኞች ነበሩት። ከእነሱ ጉሮሮ ነው የተነጠቀው።

ጥያቄ፦ ከተማዋን ያከሰራት እሱ ነው?

ብቻውን አይደለም። ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ሕዝቡም ከ1.8 ሚሊዮን ወደ 700 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር።

ጥያቄ፦ ትራምፕ ነጻ አወጣው አይደል?

ከእስር አስፈታው። በ2021 የእስር ዘመኑን አሳጠረለት እንጂ ጥፋተኝነቱን አልሰረዘለትም። እንዲከፍል የተፈረደበት ካሳም አልተነሳለትም።

ጥያቄ፦ የተባረረው ፖሊስስ ምን ሆነ?

ደስ የሚለኝ ጥያቄ ይኼ ነው። ብራውን በ2009 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ። በ2015 ደግሞ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ፤ ያ ሁሉ ፊርማ የታገተበት መሥሪያ ቤት።