በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና የአጋዘን አደን፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ከፈረንጆች ገና በኋላ የሚከፈት፣ ለባልጩት ጠመንጃ (ባልጩት ከብረት ጋር ተፋጭቶ በሚሰጠው ፍንጣሪ ባሩዱን ለሚለኩሰው) የተመደበ የአጋዘን አደን ወቅት አለ። ጥያቄዎቻችሁን በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለ 50 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች የሆነ) ጠመንጃ ገዛሁ። ባሩዱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ለክብ አረር በ70 ግሬን (4.5 ግራም ገደማ) ጥቁር ባሩድ ጀምር። ኢላማ ላይ እየሞከርክ በ5 በ5 ግሬን ጨምር፤ ሠሪው ከጻፈው ጣሪያ ግን እንዳታልፍ። አረሩ 0.490 ኢንች፣ መጠቅለያው 0.015 ኢንች ውፍረት ያለው ቅባት የነካው የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ ናይለን ይቀልጣል። ባሩዱን ከባሩድ መያዣው ቀንድ በቀጥታ ወደ በርሜሉ አትገልብጥ። በርሜሉ ውስጥ ፍም ከቀረ ቀንዱ እጅህ ላይ ይፈነዳል። ሁልጊዜ በመስፈሪያ።

ጥያቄ፦ ጭስ አልባ ባሩድ በትንሹስ?

መልስ፦ በፍጹም! ለጥቁር ባሩድ የተሠራ በርሜል ግፊቱን አይችልም። በመልኩም አትታለል፣ እሱም ጠቆር ያለ ነው።

ጥያቄ፦ አረሩ እስከ ታች መውረዱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ መጠቅጠቂያ ዘንጉን በባዶ በርሜል አስገቢና በአፈሙዙ ልክ ምልክት አድርጊ፤ በባሩድና በአረር ደግሞ ሁለተኛ ምልክት። ስታጎርሺ ሁለተኛው ምልክት ከአፈሙዙ በላይ ከቀረ አትተኩሺ። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ካለ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ዘንጉን ለአፈሙዙ ቀረብ አድርገሽ ይዘሽ በአጭር በአጭሩ ግፊ፤ የእንጨት ዘንግ ሲሰበር መዳፍ ይበሳል።

ጥያቄ፦ ምላጩን ስቤ ባይተኩስስ?

መልስ፦ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሳ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቅ፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ከዚያ እሳቱ ወደ በርሜሉ የሚገባበትን ቀዳዳ በሽቦ ጥረግ፣ ከቀዳዳው አጠገብ ያለችውን የመለኮሻ ባሩድ መያዣ ሳህን ባሩድ ቀይር፣ የባልጩቱን ስለት እይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእርጥበት ወይም የደነዘዘ ባልጩት ነው።

ጥያቄ፦ ዛፍ ላይ ስወጣስ?

መልስ፦ ሳህኗን ባዶ አድርግ፣ ጠመንጃውን በገመድ ሳበው።

ጥያቄ፦ ከስንት ሜትር ልተኩስ?

መልስ፦ አረሮችህ ሳያሰልሱ 15 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ከሚገቡበት ርቀት አትለፍ። ለብዙ ሰው ይህ ከ50 እስከ 70 ሜትር ነው፤ የክብ አረር ጉልበት በርቀት ፈጥኖ ይደክማል። አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥህ ከትከሻው ኋላ አነጣጥር። ሲሮጥ ተወው፤ አቁስሎ መልቀቅ ግፍ ነው። ጭሱ ስለሚጋርድህ የቆመበትን ዛፍ አስቀድመህ ልብ በል። ከተኮስክ በኋላ መጀመሪያ እንደገና አጉርስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ ደሙን ተከተል።

ጥያቄ፦ ማጽዳቱ ለነገ ቢያድርስ?

መልስ፦ አይደር። የተቃጠለው ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ ዘይት ቀባ። በሚቀጥለው ቀን ከማጉረስህ በፊት ዘይቱን ጥረገው፤ ባሩዱን ያረጥበዋል።