ከዳታቤዝ የመጣ ኦብጀክት ወደ ኤክስኤምኤል አልለወጥ ሲል

ከጅማ የጻፉልን ጠያቂ ለቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የእሸት ቡና ርክክብ መመዝገቢያ ፕሮግራም በጃቫና የጃቫ ኦብጀክቶችን ከዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው ላይብረሪ በሃይበርኔት ሠርተዋል። የአንድን ማኅበር መዝገብ ከነርክክቡ በጃክስቢ (የጃቫ ኦብጀክትን ወደ ኤክስኤምኤል ሰነድ በሚለውጠው መሣሪያ) ወደ ኤክስኤምኤል ሲለውጡ መጀመሪያ «ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን ኤክሴፕሽን» የተባለ ስህተት ገጠማቸው፤ በማኅበሩና በርክክቡ መካከል ያለውን ግንኙነት ወደ «ኢገር» (ተያያዡ ዳታ ወዲያው አብሮ ወደሚጫንበት) ሲቀይሩት ደግሞ የኦብጀክቶች ዙር መገኘቱን የሚናገር ሌላ ስህተት መጣ።

ሁለተኛው ስህተት አዲስ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀርባ የነበረ ነው። የርክክቡ ዝርዝር ከዳታቤዝ የሚመጣው ሲጠየቅ ብቻ ስለሆነ፣ ጃክስቢ ሴሽኑ (የሃይበርኔት ከዳታቤዙ ጋር ያለው የሥራ ግንኙነት) ከተዘጋ በኋላ ሊያነበው ሲሞክር ሥራው እዚያው ይቋረጥ ነበር። ወደ «ኢገር» ሲቀይሩት ግን ዝርዝሩ ተሞልቶ መጣ፤ ጃክስቢም ከማኅበሩ ወደ ርክክቡ፣ ከርክክቡ ተመልሶ ወደዚያው ማኅበር ሄደና ማብቂያ የሌለው ሰነድ ላለመጻፍ ቆመ።

ስለዚህ ግንኙነቱን ወደ «ሌዚ» (ሲጠየቅ ብቻ ወደሚጫንበት) ይመልሱት፤ አለዚያ የማኅበሩ ስም ብቻ በሚፈለግበት ቦታ እንኳ ርክክቡ በሙሉ ይጫናል። ለዚህ ሰነድ ብቻ በኩዌሪው ላይ ማኅበሩንና ርክክቡን በአንድ ጊዜ የሚያመጣውን «ጆይን ፌች» ይጠቀሙ። ቀጥሎም በርክክብ ክላስ ውስጥ ወደ ማኅበሩ በሚመልሰው ጌተር (የፊልዱን ዋጋ አውጥቶ በሚሰጠው ሜተድ) ላይ ጃክስቢ እንዲዘለው የሚያዘውን የ«ኤክስኤምኤል ትራንዚየንት» አኖቴሽን ያስቀምጡ። ጌተሩ ላይ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ጃክስቢ ሌላ ካልታዘዘ የሚመለከተው ፐብሊክ ጌተርና ሴተሮችን በመሆኑ፣ በፕራይቬት ፊልድ ላይ ብቻ የተጻፈው ዙሩን አይሰብረውም። ጃክስቢ ከጃቫ 11 ጀምሮ ከጄዲኬ (ከጃቫ ማበልጸጊያ ጥቅል) ስለወጣ የሚጠቀሙበትንም ላይብረሪ ያረጋግጡ፤ አዲሱን የፓኬጅ ስም የሚጠቀመው የ«ጃካርታ» ላይብረሪ የቀድሞውን የ«ጃቫክስ»ን አኖቴሽን እንዳላየ ያልፈዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስህተት ሳያወጣ የሚያልፈው ነው። ጃክስቢ ፊልዶችን በቀጥታ እንዲያነብ ከታዘዘና በርክክቡ ውስጥ ያለው የአርሶ አደሩ ኦብጀክት ገና ያልተሞላ የሃይበርኔት ፕሮክሲ (በእውነተኛው ኦብጀክት ምትክ የሚቀመጥ) ከሆነ፣ ስሙ ሳይጻፍ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰነድ አጋጥሞኛል፤ ኪሎው በትክክል ሰፍሮ ባለቤቱ ግን አልነበረም፣ በቡና ክፍያ ላይ ደግሞ ይህ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ውጭ ለሚላክ ሰነድ የዳታቤዙን ክላስ ራሱን ለጃክስቢ ባይሰጡት እመርጣለሁ። ቀኑን፣ ኪሎውንና የአርሶ አደሩን ስም ብቻ የያዘ ተራ ክላስ አዘጋጅተው፣ ትራንዛክሽኑ ሳይዘጋ በጌተሮቹ በኩል ይሙሉት። ተጨማሪ ኮድ ይጠይቃል፤ ሆኖም ነገ በዳታቤዙ ላይ አዲስ ግንኙነት ቢጨምሩ የሰነዱ ቅርጽ አይነካም። ለዚህ ክላስ ያለ ግቤት የሚጠራ ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱን የሚፈጥር ኮድ) ማስቀመጥን አይርሱ፤ ያለዚያ ጃክስቢ ከመነሻው አይቀበለውም።