ባልትና ከቤት ሆኖ ለመሸጥ፦ መጀመሪያ ትእዛዝ የሚዘጋበት ቀን ይኑርሽ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ተቀጥረሽ ሠርተሻል። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ አንቺም ወጣሽ። ከዚያ በእናትሽ ሙያ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እያዘጋጃችሁ፣ ጀሞ ካለው ኮንዶሚኒየማችሁ በቴሌግራም መሸጥ ጀመርሽ። ደንበኛ አላጣሽም። ያጣሽው እንቅልፍና ብር ነው። ትእዛዝ ሌሊት ሳይቀር ይመጣል። አንዳንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ወደ ታክሲ ስትሮጪ ትውያለሽ፣ ሌላ ቀን ስልክሽ ላይ እንዳፈጠጥሽ ይመሻል። ወሩ ሲያልቅ እጅሽ ላይ የሚቀር የለም። እናትሽም «ተይው፣ ሥራ ፈልጊ» ይሉሻል። የምትጠይቂኝ ሁለት ነገር ነው። የዲጂታል ማርኬቲንግ ኮርስ ልውሰድ ወይ? ራሴንስ እንዴት ሥርዓት ላስይዝ?

ኮርሱን ለጊዜው ተይው። ኮርሱ ቢሳካለት የሚያመጣልሽ ተጨማሪ ደንበኛ ነው። አንቺ ግን ያሉትንም በአግባቡ ማስተናገድ አልቻልሽም። ዛሬ ትእዛዙ እጥፍ ቢሆን ሩጫውና ኪሳራው ነው እጥፍ የሚሆነው። ገንዘቡን ያዢው፣ የሚሆንበትን በኋላ እነግርሻለሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ስትጽፊ «ሰነፍ ሳልሆን አልቀርም» ብለሻል። ይህን ከልብሽ አውጪ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ለመጣ መልእክት ተነስቶ የሚመልስ ሰው ሰነፍ አይባልም። መሥሪያ ቤት እያለሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የምትገቢው የሚጠብቅሽ ሰው ስለነበረ ነው። አሁንም የሚጠብቅሽ አለ፣ ደንበኛሽ። ግን መቼ መጠበቅ እንዳለበት አልነገርሽውም። ስለዚህ እሱም በፈለገው ሰዓት ይጠይቃል፣ አንቺም በጠየቀሽ ሰዓት ትሮጫለሽ። ሥርዓት የሚጀምረው ቀንሽን ለሰው ከማሳወቅ ነው። በልብሽ ብቻ የያዝሽው ፕሮግራም በመጀመሪያው ስልክ ይፈርሳል። ቻናልሽ ላይ የለጠፍሽው ግን ያስርሻል።

ይህን ጽሑፍ ቻናልሽ አናት ላይ ፒን አድርጊው፦

«ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት እናደርሳለን። ከሐሙስ በኋላ የመጣ ትእዛዝ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይያዛል። ትእዛዙ የሚመዘገበው ክፍያው ሲረጋገጥ ነው።»

ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ሳምንትሽ ራሱ መልክ ይይዛል። ዓርብ መመዘንና ማሸግ፣ ቅዳሜ ማድረስ። ሰኞ ሂሳብ መዝጋትና ግዢ። ማክሰኞና ረቡዕ መልቀም፣ ማመስ፣ ማስፈጨት። እሑድ ስልኩ ይረፍ፣ አንቺም እረፊ።

አሁን የምትሠሪበትን መንገድ ልብ ብዬ አንብቤዋለሁ። ሦስት ኪሎ ሲታዘዝ ሦስት ኪሎ ይዘሽ ወፍጮ ቤት ትሄጃለሽ። እዚያ ደግሞ ወረፋ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ሌላ ቀን ይደገማል። በርበሬ እኮ በትእዛዝ የሚሠራ ነገር አይደለም። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይደርቃል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ኮረሪማውና አዝሙዱ ይገባል፣ ከዚያ ነው የሚፈጨው። እናትሽ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የወር በርበሬሽን በአንድ ጊዜ አዘጋጂ። ሽሮውን በየሁለት ሳምንቱ አስፈጪ፣ ትኩስነቱ ይፈለጋል።

«ለዛሬ ብቻ እባክሽ» የሚሉ ይመጣሉ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንድ ሁለት ሰው ይቀርብሻል። ይቅር። በእርግጥ አንድ ዓይነት አስቸኳይ ትእዛዝ አለ፣ እሱን አክብሪው። «ነገ ማታ በረራ አለኝ» የሚለው። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ዱባይ የሚሄድ ሰው በርበሬ የሚያስበው ሻንጣ ሲዘጋ ነው፣ የሚገዛውም በርከት አድርጎ ነው። ለእንዲህ ያለው አምስት ስድስት ኪሎ ታሽጎ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ማድረሻውን ግን እሱ ይክፈል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። አካውንታንት ነሽ፣ ግን የራስሽን ሱቅ ሂሳብ እንደ ደንበኛ ነው የምታይው።

በርበሬ በኪሎ 900 ብር ትሸጫለሽ፣ ዛላና ቅመሙ 600 ይወጣበታል፣ 300 አተርፋለሁ ብለሽ ጽፈሻል። እስቲ አብረን እናስላው። የጻፍሽልኝ ሁለቱ ቁጥሮች ያንቺ ናቸው፣ የቀሩትን ለስሌት ያህል እኔ ልገምት። 10 ኪሎ ዛላና ቅመም ገዝተሽ ግንዱ ተቀንጥሶ፣ ውሃው ደርቆ፣ ወፍጮ ላይም የሚቀረው ቀርቶ 9 ኪሎ ዱቄት ቢወጣሽ፣ የአንድ ኪሎ ወጪሽ 667 ብር ሆነ። 67 ብር ሄደ ማለት ነው። ለወፍጮ፣ ለታክሲና ለማሸጊያ 70 እንበል። «ዴሊቨሪ በነጻ» ብለሽ ስለለጠፍሽ አንድ ኪሎ ላዘዘ ሰው ለሞተረኛ 150 ትከፍያለሽ። ከ300 ብሩ የቀረሽ 13 ብር ነው። ይህ ያንቺንና የእናትሽን ድካም ሳንቆጥር ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሚዛን ይዘሽ ተቀመጪ። ሲገዛ፣ ሲደርቅና ሲፈጭ ስንት እንደሚመዝን ጻፊ። የራስሽ ትክክለኛ ቁጥር ይኑርሽ። ነጻ ማድረሻውን ዛሬውኑ አንሺው። ትእዛዙ ቅዳሜ ላይ ሲሰበሰብ ሌላም ጥቅም አለው። የለቡውን፣ የመካኒሳውንና የሜክሲኮውን በአንድ መስመር አሰልፈሽ ለአንድ ሞተረኛ ትሰጫለሽ። ለየብቻ ከመላክ በብዙ ይረክሳል። ጀሞ ላሉት ደግሞ መጥተው ከበር ይውሰዱ። የቀን ገደብ ስልሽ የነበረው ለእንቅልፍሽ ብቻ አልነበረም፣ ትርፍሽም ያለው እዚያ ነው።

ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልበል። ደብዳቤሽ ውስጥ የእሳቸው ድካም በብር አልተጻፈም። ይደልዛሉ፣ ያምሳሉ፣ ቅመም ይመጥናሉ፣ ያለ እሳቸው ሥራው የለም። በየወሩ የሚከፈላቸው ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይኑር። ጥቂትም ቢሆን ይጻፍ፣ ይሰጣቸው። ለራስሽም እንደዚሁ። ከሽያጩ ብር ላይ ለቤት አስቤዛ፣ ለካርድና ለታክሲ እየቆነጠርሽ ስለምታወጪ ነው ወር ሲያልቅ የሚጠፋብሽ። ለሥራው ሌላ የባንክ ሂሳብ ክፈቺ፣ ሽያጩ ሁሉ እዚያ ይግባ። ደሞዝሽን በወር አንድ ቀን አውጪ። ጎረቤትና ዘመድ በዱቤ የሚወስደውንም በስም መዝግቢ፣ ከተወሰነ ብር በላይም አትስጪ። ይሉኝታ ከቤት የሚሠሩ ብዙ ንግዶችን ሲያዘጋ አይቻለሁ።

ክፍያ ላይ ጠንቀቅ በይ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ሥራውን አቅልሎልናል፣ አጭበርባሪውም አብሮ ሠልጥኗል። «ከፍያለሁ» ብሎ የሚላክልሽ ስክሪንሹት ማስረጃ አይደለም። በቀላሉ ተቀናብሮ ይሠራል። እቃ ከቤት ከመውጣቱ በፊት የራስሽን አፕ ከፍተሽ ብሩ መግባቱን እይ። ገብቷል የሚል አጭር መልእክት ቢመጣም ቀሪ ሂሳብሽን ተመልከቺ። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ» ቢልሽም እንኳን።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም ያለሽ ይበቃሻል። ቴሌግራም መልእክትን በቀጠሮ ይልካል። የመላኪያውን ምልክት ተጭነሽ ስትቆዪ «Schedule Message» የሚል ይወጣል፣ እሱን ስትነኪ ቀንና ሰዓት ይጠይቅሻል። ሰኞ ላይ የሳምንቱን ሦስት ፖስት ጽፈሽ አሰልፊና ከቻናሉ ውጪ። በየቀኑ የሚጠየቁትን «ዋጋ ስንት ነው»፣ «የት ናችሁ»፣ «ጨው አለው ወይ» የሚሉትን መልሶች አንድ ጊዜ አሳምረሽ ጽፈሽ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ (ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ማስታወሻ የምታስቀምጪበት ቦታ) አስቀምጪ፣ ሲጠየቅ መላክ ብቻ ነው። ለትእዛዝ መዝገብ ጎግል ሺት በቂ ነው። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የታዘዘው፣ የተከፈለው፣ የደረሰበት ቀን። ኤክሴል ለምትችይው ላንቺ ይህ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ዌብሳይት አሁን አያስፈልግሽም። ቲክቶክ ከፈለግሽ እጅሽ ሲሠራ ቅረጪ፣ ዛላው ሲቀነጠስ፣ ቅመሙ ሲታመስ። ሰው የሚያምነው የሚያየውን ንጽሕና ነው። ግን ለመለጠፍ ገብተሽ ሁለት ሰዓት የሰው ቪዲዮ ስታይ እንደምትቆዪ ራስሽ ነግረሽኛል። ቀረጻውን ረቡዕ አድርጊው፣ ለጥፈሽ ውጪ። መልእክት የምትመልሺበት ሰዓትም ይኑር፣ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ስልኩ ሳሎን ይደር።

ቤት ውስጥ መሥራት የራሱ ፈተና አለው። «እቤት ነሽ አይደል» ተብሎ ልጅ ጠብቂ፣ ባንክ ሂጂልኝ፣ እንግዳ መጣ ቡና አፍዪ ይባላል። ያንን ሁሉ እምቢ በይ አልልሽም፣ ከሰው ጋር ነው የምንኖረው። ከጠዋቱ 3 እስከ 8 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ ብለሽ ለቤተሰብም ለጎረቤትም አስታውቂ። ከ8 በኋላ ቡናውም ጨዋታውም ይድረስ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ፒጃማ አውልቀሽ፣ ፀጉርሽን ሸፍነሽ፣ ሽርጥ ታጥቀሽ ሥሪ። ለምግብ ሥራ ንጽሕናው ግዴታ ነው፣ ለቤተሰብም ሥራ ላይ መሆንሽን ያሳያል።

አሁን አጥብቄ የምነግርሽ አለ። ባለፈው ክረምት በርበሬ አልደርቅ ብሎሽ «ትንሽ ሸተት ያለውን አምሰን ሸጥነው» ብለሻል። ይህ ዳግመኛ መሆን የለበትም። በደንብ ባልደረቀ በርበሬ ላይ የሚያድግ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመርት ይችላል። መርዙ በማመስም ወጥ በማፍላትም አይጠፋም። በዓይን የማይታይበት ጊዜም አለ። እርጥበት የነካውን መጣል ነው፣ ሌላ መፍትሔ የለውም። አዲሱ ዛላ ከማረቆና ከሀላባ በብዛት የሚገባው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በበጋው ገዝተሽ፣ ፀሐይ እያለ አድርቀሽ፣ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴውን ከወዲሁ አዘጋጂ። አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ከወለልና ከግድግዳ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። ያ ገንዘብ ከየት ይምጣ ካልሽኝ፣ ለኮርሱ ያሰብሽው አለ። ካልበቃ ከመስከረም ጀምሮ እቁብ ግቢ። እሽጉ ላይም የተዘጋጀበትን ቀን ጻፊበት።

ሽያጭሽንም በጾምና በበዓል አስልቺው። ሽሮ በብዛት የሚሸመተው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። 55 ቀን ረጅም ነው፣ ሰው ቀድሞ ያዘጋጃል። ፍልሰታም እንደዚሁ። በርበሬ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ይፈለጋል። ለነዚያ ሳምንታት የትእዛዝ መዝጊያውን ቀደም አድርጊና ከሁለት ሳምንት በፊት አስታውቂ።

ፈቃድን በተመለከተ ሥራው ከጓደኛና ከዘመድ አልፏል፣ ስለዚህ ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ለባልትና ውጤት የሚጠየቀውን ጠይቂ። የምግብ ነገር ስለሆነ የሥራ ቦታሽንም ሊያዩ ይችላሉ። ሱፐርማርኬት ማስገባት የምታስቢ ከሆነ ያለ ፈቃድና ያለ ደረሰኝ አይሆንም።

የቀረው የእናትሽ ጥያቄ ነው፣ «ሥራ ፈልጊ» የሚለው። ትክክል ናቸው፣ አንቺም ትክክል ነሽ። ሥራ ማመልከትሽን አታቁሚ። ይህን ሳምንታዊ አሠራር ሦስት ወር ሙሉ ያዢው፣ በየወሩ መጨረሻ የእናትሽ ክፍያና ያንቺ ደሞዝ ወጥቶ የቀረውን በአንድ መስመር ጻፊ። በሦስተኛው ወር ደሞዝሽ ቀድሞ ከምትቀበይው ጋር ከተቀራረበ ባልትናውን ዋና ሥራሽ አድርጊው፣ ለእናትሽም መዝገቡን ከፍተሽ አሳያቸው። ካልተቀራረበ ተቀጠሪ። የዓርብ ማሸጊያውን ወደ ማታ አዙሪው፣ የቅዳሜውን ማድረሻ አትንኪው። ቅዳሜ ብቻ የሚያደርስ ባልትና ከደሞዝ ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል።